እስከ ሰባተኛው ስም የሚደርስ ካርድ

በመስቀል ሰሞን ወደ ጉራጌ አገር የሚጎርፈውን ሰው ሁልጊዜ የማየው ከስቱዲዮዬ መስኮት ሆኜ ነበር። ተወልጄ ያደግሁት ጉለሌ ነው፤ የምሄድበት የአባት አገር፣ የሚጠብቀኝ በሬም የለኝም። ያን ዓመት ግን ካሜራዬን በጀርባዬ አዝዬ፣ ባለ ሦስት እግሩን ማቆሚያ በብብቴ ሸጉጬ፣ ከሚጎርፉት ጋር ተጋፍቼ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። የተላክሁት የአንድ አባት ምርቃት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይቋረጥ ቀርጬ እንዳመጣ ነው።

የላከችኝ ብርቄ ትባላለች። ነርስ ናት፤ ከሰባት ወንድማማችና እኅትማማች የመጨረሻዋ። አባቷ አቶ ሽብሩ እምድብር አጠገብ ባለች የቸሃ መንደር ይኖራሉ። የመስቀል በሬ በሚታረድበት ጠዋት ቤተሰቡን ሁሉ ደጃፋቸው ላይ አቁመው፣ ከበኩር ልጃቸው ጀምረው እስከ ታናሿ ድረስ በየስማቸው እየጠሩ ይመርቃሉ። አምና ብርቄ አራስ ስለነበረች አልሄደችም። ወንድሞቿ እንዳይቆጫት ብለው አንድ ቪዲዮ ቀራጭ ይዘው ሄዱ። ፊልሙ መጣ፤ ብርቄ ሕፃኗን ታቅፋ ለማየት ተቀመጠች። አባቷ አንደኛውን መረቁ፣ ሁለተኛውን መረቁ፣ ስድስተኛውን መርቀው እንደጨረሱ ምስሉ ቀጥ አለ። ከዚያ በኋላ የሚታየው ክትፎ የሚበላ ሰው ነው።

«እኔን ምን አሉኝ?» ብላ ብትጠይቅ ስድስቱም ስድስት ዓይነት ነገሯት። አንዱ ጤና ነው የተመኙልሽ አለ፣ አንዷ የለም ልጅሽን ነው የመረቁት አለች፣ አንዱማ እኔ በሬውን ይዤ ስለነበር አልሰማሁም ብሎ አረፈው። አባቷን በስልክ እንዲደግሙላት ለመነች። «ምርቃት አይደገምም» አሏት። «ከተደገመ የፊተኛው ጎድሎ ነበር ማለት ነው።»

ዘንድሮ ደግሞ የበዓል ተረኛ ሆነች። እኔ ዘንድ ስትመጣ የሥራ ልብሷን እንኳ አልቀየረችም።

«ሮሚ፣ እኔ ላይ ሲደርስ እንዳይቆም። ሌላውን እንደፈለግሽ አድርጊው።»

ለምን እንደቆመ ፊልሙን እንዳየሁ ገብቶኛል። ካሜራ በሚቀርጽበት ጊዜ ምስሉን ያለማቋረጥ ወደ ሚሞሪ ካርዱ ይልካል። ካርዱ ቶሎ ቶሎ መጻፍ ካልቻለ ካሜራው ጥቂት ይታገሠውና መቅረጹን ያቆማል። ከትልቅ ጋን አፉ ወደ ጠበበ ጠርሙስ እንደመቅዳት ነው፤ ቀጂው ካልቆመ ይፈሳል። ያኔ ከቴፕ ወደ ካርድ ከተሸጋገርን ገና ብዙም አልቆየንም፤ ብዙዎቻችን ካርድ የምንገዛው እንደ ሎሚ ነበር፣ መልኩን አይተን። እኔ ግን መራጭ ነኝ፤ እንዲያውም ባልደረቦቼ ከዚያም የባሰ ስም አውጥተውልኛል። አዲስ ካርድ ስገዛ አፉ እስኪሞላ ቀርጬበት፣ የቀረጽሁትን መልሼ ካላየሁ ሥራ አልወጣበትም። ለዚህ ጉዞ መርካቶ የገዛሁት ካርድ ላዩ ላይ ትልቅ መጠን ተጽፎበታል። ስሞላው ዝም ብሎ ዋጠ። መልሼ ባየው ከሩቡ በኋላ ያለው ሁሉ አይከፈትም። የተጻፈበት መጠን ውሸት ነበር። የቀረኝ አንድ ያረጀ ካርድ ነው፤ ታማኝ ነው፣ ግን ቀርፋፋ። ስለዚህ ቡታጅራ ላለ አንድ የሙያ ወዳጄ ደወልኩ።

ቡታጅራ

በዓለም ገና ወጥተን፣ አዋሽን ተሻግረን፣ በጢያና በቡኢ አድርገን ሄድን። በታሪፉ ላይ ለመስቀል ተብሎ ትንሽ ተጨምሮበታል፤ ረዳቱ ጭማሪውን የሚቀበለው እንኳን አደረሳችሁ እያለ ስለሆነ ለመቆጣት አይመችም። ከጎኔ የተቀመጡት ሰውዬ ጭናቸው ላይ አዲስ የፕላስቲክ ወንበር አስቀምጠው ነበር። ለእናታቸው ነው። መንገዱን ሁሉ ወንበሩ የተቀመጠው እኔ ላይ ነው ማለት ይቻላል፤ አንድ እግሩ ከጎድኔ አልተለየም።

ቡታጅራ ስንደርስ ፀሐይ ወጥታለች። ባጃጅ ይዤ ሸምሱ ፎቶ ቤት ሄድኩ። ሸምሱ የመስቃን ሰው ነው፤ በቴፕ ዘመን አንድ ትልቅ ሠርግ አብረን ቀርጸናል። በሩ ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ ነበር።

«አሰላሙ አለይኩም፣ እንኳን ደህና መጣሽ! ሙሽሮቻችን ስንት ወለዱ?»

«ወአለይኩም ሰላም። እኔ የካርድ ነገር ነው የያዘኝ፤ የሙሽሮቹን በኋላ።»

መሳቢያውን ስቦ አንድ ካርድ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ይዞ አወጣ። በወርቅ ቀለም የተጻፈበት፣ የሚያብረቀርቅ ነው። «ዱባይ የሚመላለስ ሰው ነው ያመጣልኝ። ወላሂ፣ ፍጥነቱን ተመልከቺ!»

ተመለከትኩ። ቁጥሩ ግዙፍ ነው።

«ሸምሱ፣ ይኼ የማንበቢያው ፍጥነት ነው፤ ኮምፒውተር ላይ ስትገለብጥ የሚጠቅምህ። እኔ የምፈልገው ሲጽፍ የማይወርድበትን ነው፤ እሱ በክብ ውስጥ በትንሹ ነው የሚጻፈው።»

ካርዱን አገላብጦ ክቡን ፈለገ፤ አለ። «ይኸው አስር ይላል!»

«ማለትማ ሁሉም ይላል። እንሞክረዋ።»

ካሜራዬን የፎቶ ቤቱ በረንዳ ላይ ወደ መንገዱ አዙሬ ተከልሁና መቅረጽ ጀመርኩ። ለሙከራ እንቅስቃሴ የበዛበት ነገር ነው የሚያስፈልገው፤ ባዶ ግድግዳ ብትቀርጽ ሰነፉም ካርድ ጎበዝ ይመስልሃል። የቡታጅራ መንገድ ደግሞ በዚያ ቀን የሚያንስ አልነበረም፤ ባጃጁ፣ በርበሬ የተጫነበት ጋሪ፣ ለመስቀል ወደ አገሩ የሚሄደው መንገደኛ፣ በሬ የሚነዳው። ወርቃማው ካርድ ገና ሻያችን ሳይቀርብ ቆመ። እንደገና አስጀመርኩት፤ እንደገና ቆመ።

ሸምሱ አንገቱን ነቀነቀ። «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ! እንዲያው ከተራው አስበልጬ ነው የገዛሁት እኮ።»

ከዚያ ከራሱ ካሜራ ውስጥ አንድ ካርድ አወጣ። ጽሑፉ ግማሽ በግማሽ የለቀቀ፣ ጥግ ጥጉ የተፈገፈገ ነው። «ይኼ የምሠራበት ነው። አይሸጥም። ግን ሞክሪው።»

ሞከርኩት። ሻይ ጠጣን፣ ሳምቡሳ በላን፤ ካሜራው እየቀረጸ መሆኑን የሚያሳየው ቀይ መብራት እንደበራ ነው። ይህን ጊዜ መንገደኛው ነቃብን። አንድ ባለ ባጃጅ ሞተሩን አጥፍቶ ወደ ካሜራው ተጠጋና አዲስ አበባ ላለች አክስቱ የሞቀ ሰላምታ አቀረበ። ቀጥሎ ሁለት ልጃገረዶች መጡ፣ እየተገፋፉ። አንዲት ጎመን የያዙ እናት እቃቸውን መሬት አስቀምጠው፣ «በየትኛው ጣቢያ ነው የሚወጣው?» አሉኝ።

«የትም አይወጣም እማማ፣ ካርድ እየሞከርኩ ነው። ሲሞላ ይጠፋል።»

ትንሽ አሰቡበት። «ይጥፋ። እኔ ግን ሰላም ልበል» አሉና ሻሻቸውን አስተካክለው፣ ሐዋሳ ያሉ ልጆቻቸውን በየስማቸው ጠርተው፣ እንደምን ናችሁ ብለው ጎመናቸውን አንሥተው ሄዱ። ከእርሳቸው በኋላ ሰልፍ ሆነ። እንደሚጠፋ ሁሉም ያውቃሉ፤ ግን ማንም ሰላምታውን አላሳጠረም። ሆዴን ይዤ ስቄያለሁ።

ካርዱ እስከ አፉ ሞላ። መልሼ አየሁት፤ ከመጀመሪያው ባጃጅ እስከ መጨረሻዋ ልጅ አንድም ቦታ አልተቆረጠም። እንግዲህ የቀረው ሸምሱን ማግባባት ነው። ስለ ብርቄ፣ ስለ ስድስተኛው ልጅና ስለ ክትፎው ነገርኩት። እርሱም ሰምቶኝ ካርዱን በትንሽ የፕላስቲክ ቤቱ አድርጎ እጄ ላይ አስቀመጠው።

«ለአባት ምርቃት ካርድ አልሸጥም። ከበዓል በኋላ መልሺልኝ። ከጠፋብሽ ግን አንቺም እንዳትመለሺ!»

ተራራውን አልፎ፣ ወልቂጤ

ከቡታጅራ ወደ ምዕራብ የሚወስደው ተራራውን የሚወጣ የጠጠር መንገድ ነው። በማግስቱ ጠዋት የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ዝናብ ያለሰለሰውን ጭቃ እየማገ፣ እያቃሰተ ወጣ። አንድ ቦታ ወርደን ገፋን። ከሚገፉት መካከል አንዱ በሚያብረቀርቅ አዲስ ጫማው ጭቃው ውስጥ ገብቶ፣ «ለአባቴ ላሳየው የገዛሁት ነበር» እያለ ሲያዝን፣ ሌላው «ቀድሞ የአገርህን መሬት አይቷል፤ ተመረቀ ማለት ነው» ብሎ አሳቀን። ከላይ ጉም ነው፤ ቁልቁል ስንወርድ ጉሙ ተገለጠና እንሰቱ ጀመረ። ከዚያ ወዲያ ከእንሰት የተለየ ነገር ማየት ተረሳኝ፤ ቤቶቹ ራሳቸው ከቅጠሉ መሐል ብቅ እያሉ ነው የሚታዩት።

ወልቂጤ መናኸሪያ ሰውና ዕቃ የማይለይበት ቀን ነበር። ከአዲስ አበባ የሚመጡት አውቶቡሶች ጣሪያቸው ላይ ፍራሽ፣ ቴሌቪዥን፣ የሽንኩርት ጆንያ ተሸክመው ይገባሉ፤ የሚወርደው ሰው ሁሉ የሚቃቀፈው አለው። እኔንም አንድ ሰው በስሕተት አቅፎ ስሞኛል፤ ሲያውቅም አላፈረም፣ «በይ እንኳን አደረሰሽ» አለኝ። የብርቄ ታላቅ ወንድም ክፍሌ እዚያ ነበር የሚጠብቀኝ። መርካቶ የሚነግድ፣ ቦርጩ ከሳቁ ጋር የሚወዛወዝ ደስ የሚል ሰው ነው። መኪናው ውስጥ ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ ሁለት ብረት ድስትና እኔ ተጨናንቀን ገባን።

«አምና የመጣው ልጅም ካሜራው ትልቅ ነበር» አለኝ በመንገድ። «ካርዱ ላይ ነው የቆጠበው። እኛም ቆጥበናል፤ ርካሹን ነው የያዝነው። እናቴ እስካሁን ትወቅሰኛለች።»

ቸሃ

መንደሩ ሣር በለበሰ ሰፊ መንገድ ግራና ቀኝ ነው የተሠራው፤ ጀፎረ ይሉታል። ከብትም ሰርግም ለቅሶም በዚያ ያልፋል። ከመኪናው ወርጄ ሣሩን ስረግጥ ጫማዬን ማውለቅ አማረኝ።

አቶ ሽብሩ ቀጭን፣ ቁመታም፣ የሚናገሩትን የሚመዝኑ ሽማግሌ ናቸው። አማርኛቸው ዘገም ያለ ነው። እራት ላይ፣ የጎመን ክትፎ ከትኩስ ቆጮ ጋር ቀርቦልን ስንበላ፣ ካሜራዬን በአገጫቸው አመለከቱ።

«ልጄ፣ ይህች ማሽን ስንት ሰው ትችላለች?»

«ምን ማለትዎ ነው አባባ?»

«አምና የመጣችው ስድስት ነው የቻለችው። ይህችስ ሰባት ትችላለች?»

ጉራዬን ለመንዛት ይህን ያህል የተመቸ ጥያቄ ገጥሞኝ አያውቅም። «ሰባ ትችላለች!» አልኩ። ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ቆጯቸው ተመለሱ።

በነጋታው በሬው ደጅ ወጣ። ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ ጎረቤት ተሰበሰበ። ካሜራዬን በር አጠገብ ተከልሁ፤ ካርዱን ገና አልከተትሁም ነበር። የብርቄ እናት እማማ ዘነበች መጥተው አጠገቤ ቆሙ። በጎድጓዳ ሳህን የተነጠረ ቅቤ ይዘዋል፤ የሁሉንም ራስ በቅቤው እየነኩ ነው የመጡት፤ የእኔንም ነኩ። ደስ ስላለኝ ካርዱን አሳየኋቸው።

«እማማ፣ የአባባ ድምፅ የሚቀመጠው እዚህ ውስጥ ነው።»

«ይህች ጥፍር የምታህለው ውስጥ? የሽብሩ ድምፅ?» ብለው ተቀበሉኝ። እኔ የማቆሚያውን እግር ላስተካክል ጎንበስ አልኩ። ቀና ስል ካርዱ በመዳፋቸው ላይ ቢጫ ሆኖ ያበራል። በሁለቱም በኩል ቅቤ ቀብተውታል።

«እማማ! ምነው?»

«እንዴት ምነው ትያለሽ? ለቤት የመጣ አዲስ ነገር ሳይቀባ ሥራ ይጀምራል? ምሰሶውም፣ ጥጃውም፣ ሙሽራዋም ተቀብተው ነው የገቡት!»

ደግ ነገር ነው ያደረጉት። ግን ከካርዱ ጀርባ ያሉት ቀጫጭን ወርቃማ መስመሮች ናቸው ከካሜራው ጋር የሚነጋገሩት፤ በቅቤ ሲሸፈኑ ካሜራና ካርድ ተኳርፈው ይቀራሉ። በኪሴ ያለው ያረጀ ካርድ ቢገባ የት እንደሚቆም አውቀዋለሁ፤ ከብርቄ ቀድሞ። የሸምሱን ፊት አሰብሁ፣ የብርቄን ፊት አሰብሁ።

ክፍሌ ገባውና ሮጦ ከጓዳ አረቄ አመጣ። የነጠላዬን ጫፍ እየነከርሁ ጠረግሁ። መጀመሪያ ስከተው ካሜራው ካርድ የለም አለኝ። አወጣሁት፤ እንደገና ጠረግሁ፣ እፍ አልሁበት፣ በፀሐይ ያዝሁት።

«አታብዢበት፣ ሰክሮ እንዳይቀር» አለ ክፍሌ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም።

ሁለተኛ ስከተው ተቀበለ። አጭር ሙከራ ቀረጽሁ፤ ሠራ። ቀና ስል አቶ ሽብሩ ከበሬው አጠገብ ቆመው ይህን ሁሉ ሲመለከቱ ኖረዋል።

«አሁንም ትችላለች?» አሉኝ።

«ትችላለች አባባ» አልሁ። ድምፄ ግን የትናንቱ አልነበረም።

ቀዩ መብራት በራ። ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ጀመሩ። የሚመርቁት በጉራጊኛ ነው፤ እኔ የምለየው ስምና አሜንን ብቻ ነው። ስለዚህ የሚወጣውን ስም ለመስማት ጆሮዬን ቀስሬያለሁ፤ ክፍሌ፣ ከዚያ ሌሎቹ፣ መጨረሻ ላይ ብርቄ፤ እስከዚያ መብራቱ ይብራ እንጂ።

የመጀመሪያው ስም ወጣ። «ብርቄ» አሉ።

የተሳሳትሁ መሰለኝ። ግን ሰዉም ደንግጧል፤ አሜን የሚል ጠፋ። አንዲት አሮጊት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። በዚያ ቤት ታናሽ ከበኩር ቀድሞ ተመርቆ አያውቅም። አቶ ሽብሩ ጠበቁ፤ አሜን እስኪባል አልቀጠሉም። እማማ ዘነበች ቀድመው «አሜን!» ሲሉ ሁሉም ተከተለ። ረዥም ነበር ምርቃቷ፤ ከሌሎቹ ሁሉ የረዘመ መሰለኝ። ከዚያ ስድስተኛው፣ አምስተኛው እያሉ ወደ ላይ ወጡ።

አሁን በላብ የተጠመቀው ክፍሌ ነው። የመጨረሻው እርሱ ሆኗል። አንድ ጊዜ አባቱን ያያል፣ አንድ ጊዜ የካሜራዬን መብራት ያያል። ለእርሱ ስል እኔም አብሬው አላበኝ። «ክፍሌ» የሚለው ስም ሲወጣ መብራቱ አልጠፋም፣ ምርቃቱ ሲያልቅ አልጠፋም፤ እንዲያውም ከዚያ በኋላ በሬው ሲጎተት፣ ልጆች ሲጮሁ፣ ሁሉንም ቀረጸ። ካሜራውን ሳጠፋ ደስታዬ ከአቅሜ በላይ ሆኖ ያገኘሁትን ሰው ሳምሁ። የሳምሁት በሬውን ያዥ ጎረቤት ነበር።

ክትፎው ላይ ክፍሌ አባቱን ጠየቃቸው፤ እኔ እንድሰማም በአማርኛ ነበር።

«አባባ፣ ምነው ዘንድሮ ከታች?»

«ቅቤ የጠጣች ማሽን የት እንደምትወድቅ ማን ያውቃል?» አሉ። «ከወደቀችም አንተ ላይ ትውደቅ። አንተ ሰፊ ነህ፣ አይጎዳህም።»

ሳቁ እስከ ጀፎረው ተሰማ። ብርቄን ምን እንዳሏት ስጠይቅ ግን ክፍሌ እጁን አወራጨ። «ራሷ ትስማው። አምና ስድስት ዓይነት ነገርናት፤ ዘንድሮ አፋችንን ለክትፎ ብቻ ነው የምንከፍተው።»

ወደ ቤት

የተመለስሁት በወልቂጤና በወሊሶ በኩል ነው፤ ጉልበቴ ላይ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮና አይብ፣ በአንገቴ ላይ ደግሞ በትንሽ ቦርሳ የተንጠለጠለ ካርድ። መንገዱን ሁሉ በእጄ እየዳበስሁት መጣሁ። ምርቃቱን ሁለት ቦታ ገልብጬ ካየሁ በኋላ ካርዱን በቡታጅራ ሾፌር እጅ ለሸምሱ ላክሁለት፤ ቅቤ ቅቤ ይሸታል ብሎ ደወለልኝ።

ከጉዞው የተማርሁትን ልናገር። ካርድ በጽሑፉ አይመረጥም፤ ሲሞላ ነው የሚታወቀው፤ ይህን ድሮም አውቀዋለሁ። ያላወቅሁት የምርቃቱን ነው። እርሱን ያስተማረችኝ ብርቄ ናት።

ከተራዋ ወጥታ ስቱዲዮዬ መጣች፤ ልጇን አዝላለች። ፊልሙን ከፈትሁላት። አባቷ እጃቸውን ዘረጉ፣ የመጀመሪያውን ስም ጠሩ፣ የእርሷን። ብርቄ ወደኔ ዞረች፤ የተሳሳትሁ፣ የቆረጥሁት መሰላት። «አልነካሁትም» አልኋት። ወደ ስክሪኑ ተመለሰች። ምርቃቷ ሲያልቅ ፊልሙን አቆምሁላት።

«ምን አሉሽ?» አልሁ። «ቅቤውን ፈርተው ነው ያስቀደሙሽ፤ እርሳቸው ራሳቸው ነግረውናል።»

«ቅቤውን?» እንባዋን በመዳፏ እየጠረገች ሳቀች። «ሮሚ፣ ስለ ማሽን አንድ ቃል አላነሡም። 'እዚህ የቆማችሁት ሥጋውን ትቀድማላችሁ፤ ምርቃቱን የሌለችው ትቅደም። የሰው በሽተኛ እየጠበቀች ነው የቀረችብኝ፤ ያስታመመችው ሁሉ ይነሣላት፤ ልጇም እርሷ ባደገችበት መንገድ በእግሩ ይምጣልኝ' ነው ያሉኝ።»

ከዚያ ተነሥታ ቆመች። እዚያ ቆሞ ነው የሚሰማው አለችኝ። ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ ታቀፈችው፣ ከመጀመሪያው እንድከፍተው አዘዘችኝ። አባቷ ስሟን ጠሩ፤ ሰዉ ደንግጦ ዝም ያለባት ያቺ ቦታ መጣች። በዚያ ዝምታ መሐል ብርቄ ስቱዲዮዬ ውስጥ፣ ከእናቷ ቀድማ፣ ጮክ ብላ «አሜን!» አለች። እስከ ክፍሌ ድረስ አንድም አሜን አላለፈችም፤ እኔም አብሬያት አልሁ።